ኑዛዜና የትውልድ ቈጠራ፤ በወለጋ የሚገኙ የቆዩ የእጅ ጽሑፎች እንዴት ሊነበቡ እንደሚገባ

በነቀምት፥ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ከቆዩ ቤተሰቦች መካከል የአያትን ወይም የቅድመ አያትን ኑዛዜ በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥን ግርጌ የሚያኖሩ አሉ። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ነው፤ የጻፈውም የደብር ካህን ወይም የግዛት ጸሐፊ ነው፤ ከግርጌው የእማኞች ስም፥ አንዳንድ ጊዜም ማኅተም ወይም የጣት አሻራ ይታይበታል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ያለው ወረቀት የመሬት ማስረጃ ነበረ። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን እንደ ግል ሀብት በኑዛዜ ማውረስን ስላስቀረ፥ ወረቀቱ በዳኛ ፊት የነበረውን ኀይል አጣ። ባለቤቶቹ ግን አልጣሉትም። ዛሬ ከሣጥን የሚያወጡት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ «የማን ልጆች ነን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆነናል ብለው ነው።

ይህ አዲስ አጠቃቀም ምርመራ ያስፈልገዋል። የቤተሰብ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ኑዛዜ በእጁ ሲገባ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ተናዛዡን ከላይ ያስቀምጣል፤ ከሥሩ ወራሾቹን በተጠሩበት ተራ ይደረድራል፤ ሐረጉን በመስመር ያገናኝና የትውልድ ሠንጠረዥ አገኘሁ ይላል። ጽሑፉ የቆየ፥ ቀለሙ የደበዘዘ፥ ማኅተሙ የከበረ በመሆኑ ሽማግሌዎች በቃል ከሚናገሩት ይልቅ እርሱን ያምናል። ሁለቱ ሲጣሉም ሽማግሌውን ረሳ ይለዋል እንጂ ወረቀቱን አይጠራጠርም። እኛ የምንቃወመው ይህን ፍርድ ነው። ኑዛዜ ዘመድን ሁሉ ለመቍጠር የተጻፈ ጽሑፍ አይደለም፤ ከሞት በኋላ ጠብ ይነሣበታል ተብሎ የተፈራውን ነገር አስቀድሞ ለመቍረጥ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የሚነግረን ማን ዘመድ እንደ ነበረ ሳይሆን ስለ ማን መጻፍ እንዳስፈለገ ነው። በወለጋ ደግሞ ነገሩ ከዚህ የበለጠ ይከብዳል፤ የአንድ ኦሮሞ ቤት ጉዳይ በአማርኛ ቃልና በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት በኩል አልፎ ነውና የተመዘገበው።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ «ኑዛዜ» ሁለት ነገር ነው፤ ኀጢአትን ለካህን መናገርም ኑዛዜ ይባላል፥ ሀብትን ለወራሽ መናገርም ኑዛዜ ይባላል። ይህ የቃል መገጣጠም ብቻ አይደለም። ሁለቱም የሚፈጸሙት በአንድ አልጋ አጠገብ፥ በአንድ ሰው ፊት፥ ማለት በነፍስ አባት ፊት ነበረ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚደነግገው በዚሁ መንፈስ ነው፤ የሟች ሀብት ነገር ከነፍሱ ነገር ተለይቶ አይታይም። በዚህም ምክንያት የቆየ ኑዛዜ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሬት ሳይሆን ከፍትሐትና ከተዝካር ነው፤ ለደብሩ የሚሰጠው ይቀድማል፥ ዕዳ ይከተላል፥ ይቅር የተባለ በደል ይገባበታል፥ ከዚያ በኋላ ልጆች ይጠራሉ። ከመጨረሻውም ኑዛዜውን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይታሰርበታል። የልጆቹን ስም ብቻ ነጥሎ የሚያወጣ ተመራማሪ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ አራተኛውን ወስዶ ሦስት አራተኛውን ይጥላል፤ በተጣለው ውስጥ ደግሞ፥ ኋላ እንደምናየው፥ የሰዎቹ ማንነት ይገኛል።

በኦሮምኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ዻምሳ» ነው። ዻምሳ መልእክት ነው፤ አባት ሊሞት ሲል ለተሰበሰቡት ልጆቹና ዘመዶቹ የሚተወው የመጨረሻ ቃል ነው። የሚሰጠው ለሚሰሙት ነው፤ የሚጸናውም በሰሚዎቹ መታሰቢያ፥ በምርቃትና በርግማን ኀይል ነው። የለቃው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ከእምባቦ ጦርነት በኋላ፥ በ1874 ዓ.ም. ገደማ፥ ለምኒልክ ገብቶ ክርስትናና አማርኛ ጽሕፈት ወደ ገዥዎቹና ወደ ታላላቆቹ ቤት ሲዘልቅ፥ ዻምሳ የነበረው ነገር በካህኑ እጅ ኑዛዜ ሆነ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በዻምሳ ጊዜ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አይነገርም፤ የተሰበሰበው ሰው ታላቁ ማን እንደ ሆነ፥ የማን እናት ማን እንደ ሆነች ያውቃልና። ጸሐፊውም የተነገረውን ብቻ ጻፈ። ሰሚዎቹ ካለፉ በኋላ ለእኛ የቀረን የንግግሩ ግማሽ ነው።

የዚህ ውጤት ጎልቶ የሚታየው በአንጋፋው ልጅ ላይ ነው። በመጫ ኦሮሞ ልማድ አንጋፋው በአባቱ ቤትና ይዞታ ላይ ቅድሚያ አለው፤ ታናናሾቹ ብዙውን ጊዜ ወጥተው አዲስ መሬት የሚያቀኑ ነበሩ፤ ቀድሞ ያቀናም ሰው «ቀቢዬ» በሚባለው መብት ይይዘዋል። የስዊድኑ ምሁር ያን ሁልቲን በ1979 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1987) ባሳተመው መጽሐፉ ስለ መጫ ኦሮሞ ታሪክ፥ ትውልድና መሬት በሰፊው አጥንቷል፤ የአንጋፋና የታናሽ ነገር ከመሬት ማቅናት ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ለማየት የሚሻ ሰው እርሱን ሊያነብ ይገባዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ይህ ነው፤ የአንጋፋው ድርሻ በልማድ የታወቀ ስለ ሆነ በጽሑፍ መግባት አያስፈልገውም። ክርክር የሚያስነሣው የታናሹ፥ የሁለተኛይቱ ሚስት ልጅ፥ የመበለቲቱ ድርሻ ነው። እንግዲህ በኑዛዜው ተራ መጀመሪያ የተጠራው ልጅ የመጀመሪያ ልጅ ነው ብሎ መገመት ትልቅ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ አንጋፋው ከነጭራሹ ሳይጠራ፥ ወይም ከእማኞች ወይም ከአደራ ተቀባዮች መካከል ብቻ ተጠቅሶ ሊገኝ ይችላልና። በሠንጠረዡ ላይ ግን እማኝ ቦታ የለውም። ከቤቱ ሁሉ የበላይ የነበረው ሰው ከሐረጉ ይወድቃል ማለት ነው።

ወደ ስም ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የነቀምት ገዥዎች ቤት ራሱ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። የበከሬ ጎዳና ልጅ ሞሮዳ፥ የሞሮዳ ልጅ ኩምሳ፥ የኩምሳ ልጅ ሀብተ ማርያም ነው። ኩምሳ ግን በክርስትና ስሙ ገብረ እግዚአብሔር ተብሏል፤ በመንግሥት ጽሑፍ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞሮዳ ነው፥ በሕዝቡ አንደበት ግን እስከ ዛሬ ኩምሳ ሞሮዳ ነው፤ በነቀምት ያለው ቤተ መንግሥትም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ልጁ ደግሞ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ ይህን ቤት የማያውቅ አንባቢ «ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር» የሚለውን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ቢያገኝ፥ በዚህ ሰው ስም ውስጥ ለቃም፥ በከሬም፥ ሞሮዳም አይታዩትም። በሁለት ትውልድ ውስጥ ስሙ ፈጽሞ ተለውጧል፤ ዘሩ ግን አልተለወጠም። ለገዥዎቹ ቤት ይህን የሚያስተካክልልን ብዙ ሰነድ አለ። ለአንድ አባ ቆሮ ወይም ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ግን ያለው ጽሑፍ ያ ኑዛዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ስሕተቱን የሚያርም ሰው ካልተጠየቀ በቀር ሌላ የለም።

በአንድ ኑዛዜ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ በሁለት ስም ሊጠራ እንደሚችልም ማሰብ ይገባል። መሬት ሲሰጠው በዓለም ስሙ ይጠራል፥ ዳኛና ጎረቤት የሚያውቁት በእርሱ ነውና፤ ጸሎትና ተዝካር ሲነሣ ደግሞ በክርስትና ስሙ ይጠራል፥ ካህን በመቅደስ የሚያነሣው በዚያ ነውና። በላይኛው መስመር ዋቅጅራ ተብሎ የተጻፈውና በታችኛው መስመር ወልደ ሚካኤል ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ሠንጠረዥ የሚሠራው ሰው ግን ሁለት ወንድማማች ያደርጋቸዋል። ከዚህም ሌላ የፈረስ ስም አለ። ራስ ጎበና አባ ጥጉ እንደሚባሉት ሁሉ፥ በአገሩ የተከበረ ሰው ብዙ ጊዜ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ይህ «አባ እገሌ» የሚለው ጥሪ አባትነትን አያመለክትም። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ግን ሟቹ እንዲህ የሚባል ልጅ ነበረው ብሎ ሊተረጕመው ይችላል።

የአባት ስም መስሎ የሚታይ ሁሉ የአባት ስም እንዳልሆነም ከኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት እንማራለን። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕሞ በ1891 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1899) በስዊስ አገር ያሳተመው፥ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምት መጥቶ በዚያ ያስተማረውና በ1923 ዓ.ም. በዚያው ያረፈው ይህ ሰው፥ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ሲወለድ ስሙ ሂካ፥ የአባቱም ስም አዋጂ ነበረ። ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ሲሸጥ የተሰጠው ስም ነው፤ ኦነሲሞስ ደግሞ በጥምቀት የተሰጠው ነው። በተለመደው አነባበብ «ኦነሲሞስ ነሲብ» ማለት የነሲብ ልጅ ኦነሲሞስ ማለት ነው፤ ነሲብ የሚባል አባት ግን በዓለም አልነበረም። ታሪኩ ታውቆ ስለ ተጻፈ እንጂ፥ ስሙ በአንድ የእማኞች ዝርዝር ውስጥ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያልነበረ አያት በፈጠርንለት ነበር።

በፊደሉም ረገድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያስቡት ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ችግር አይሆንም፥ ቋንቋውን ስለሚያውቅ ራሱ ይሞላዋልና። ኦሮምኛ ግን ከመጥበቅና ከመላላት ሌላ የድምፅ መርዘምና ማጠር አለው፤ አጭር ሆኖ ሲነገር ላፋ መሬት ነው፥ ረዝሞ ሲነገር ግን ለስላሳ ማለት ነው። ኦነሲሞስና አስቴር ጋኖ ለኦሮምኛ ሲጽፉ ፊደሉን ለቋንቋው ለማስማማት ብዙ ደክመዋል። የደብር ጸሐፊ ግን የሰማውን ስም ለጆሮው እንደ ቀረበው ይጽፋል፤ አንዳንዱንም ወደሚያውቀው የአማርኛ ስም ያስጠጋዋል። የቦታ ስም እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ በቆዩ ጽሑፎች ነቀምት «ለቀምት» ተብላ ትገኛለች።

ከስም ቀጥሎ የዝምድና ቃል ይመጣል፤ ከሁሉ የሚያሳስተውም ይህ ይመስለኛል። አማርኛ የአባትንም ወንድም የእናትንም ወንድም «አጎት» ይላል። በኦሮምኛ የእናት ወንድም «ኤሱማ» ነው፥ የአባት ወንድም ግን በሌላ ቃል ይጠራል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያላቸው ሥራና ክብር የተለያየ ነው፥ አንዱ የጎሣህ ሰው ነው፥ ሁለተኛው ከሌላ ጎሣ ነው። ኑዛዜው «ለልጆቼ ሞግዚት አጎታቸው ይሁን» ካለ በኦሮሞ አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ልጆቹ በአባታቸው ጎሣ እጅ ቀሩ ወይስ ወደ እናታቸው ወገን ተሰጡ? አማርኛው ይህን አይመልስም። ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም፥ ቋንቋው ያልለየውን እርሱ ሊለይ አይችልም።

በዚህ ላይ የዘር ቈጠራው መንገድ ራሱ ይለያያል። አለን ሆበን በ1965 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1973) ባሳተመው በጎጃም ዳሞት ባደረገው ጥናቱ እንዳሳየው፥ በአማራ ርስት ሥርዐት ሰው ወደ አቅኚው አባት የሚቈጥረው በአባቱም በእናቱም በኩል ነው፤ ቈጠራውም ከመሬት ጥያቄ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ እንደ ጥያቄው ይዘረጋል ወይም ያጥራል። የኦሮሞ ቈጠራ ግን ከአባት ወደ አባት ነው። እንግዲህ ኑዛዜ የጻፈው ካህን ከጎጃም ወይም ከሸዋ የመጣ ቢሆን የሴት ልጅን ልጅ «ልጄ» ብሎ መጻፍ አይከብደውም። አጤ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሻቸው ያደረጉት ልጅ ኢያሱ የሴት ልጃቸው ልጅ አልነበረምን? በአንድ ቈጠራ የምኒልክ ዘር ነው፤ አባት በአባት ለሚቈጥር ግን የወሎው የሚካኤል ልጅ ነው። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ግን አብረው አይቆሙም።

«ልጄ» የሚለው ቃል ብቻውን አንድ ጥናት የሚበቃው ነው። የተወለደ ልጅ ልጄ ይባላል። የጉዲፈቻ ልጅ ልጄ ይባላል፤ ቃሉን አማርኛ ከኦሮምኛ ተውሶ እስከ ሕግ መጽሐፉ ድረስ እንደ ራሱ አድርጎታል፥ ይህም ልማዱ የማን እንደ ሆነ ይመሰክራል። በኦሮሞ ዘንድ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ በእውነት ልጅ ነው፤ አባቶችን ሲቈጥር የሚቈጥረው የተቀበለውን አባት ነው። ሞጋሳ በሚባለው ሥርዐት ደግሞ ወገን በሞላው ወደ ጎሣው ገብቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎሣውን አባት አባቴ ይላል። ደም ብቻ ዘር ነው ብሎ የመጣ ተመራማሪ ይህን እንደ መሸፋፈን ቈጥሮ «እውነተኛውን» ሐረግ ለማውጣት ቢቆፍር፥ ከቤተሰቡ ታሪክ ይልቅ የራሱን አስተሳሰብ ያገኛል። ከዚህም ሌላ የክርስትና ልጅ አለ፤ እርሱም በአጭሩ ልጄ ሊባል ይችላል። ወረቀቱ በየጊዜው ሲገለበጥ «የክርስትና» የሚለው ቃል ከወደቀ ማን ይመልሰዋል?

እዚህ ላይ ስለ ነገሩ አሳሳቢ ጎን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ወለጋ በ19ኛው መቶ ዓመት የንግድ መንገዶች የሚያልፉበት አገር ነበረ፤ በእነዚያም መንገዶች ከሚያልፈው መካከል ሰው ነበረበት። በታላላቆቹ ቤት የሚኖሩ ባሮች ነበሩ። ፍትሐ ነገሥት ባሪያን ነጻ ማውጣትን እንደ መልካም ሥራ ስለሚመክር፥ ሊሞት ያለ ጌታ ለነፍሱ ብሎ ሰው ነጻ የሚያወጣበት ቦታ ኑዛዜው ነበረ። በ1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም የጌታውን መሞት ከባሪያው ነጻነት ጋር አያይዞታል፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሰዎች በጽሑፉ ውስጥ የሚገቡት ከላይ «ይጣላል» ባልነው ክፍል፥ ማለት በነፍስ ጉዳይ ክፍል ነው። የሚጠሩትም ብዙውን ጊዜ በክርስትና ስማቸው ብቻ፥ ያለ አባት ስም ነው፤ አባታቸው በሌላ አገር ቀርቷልና። ክርስትና ያነሣቸው ራሱ ጌታቸው ከሆነ ደግሞ ልጄ ይባላሉ።

የሠንጠረዥ ሠሪው በእነዚህ ስሞች ላይ ሲደርስ ሁለት መንገድ አለው፤ በሁለቱም ይበድላል። አንደኛው የአባት ስም የሌለውን ሁሉ መዝለል ነው። በዚህ ጊዜ አምሳ ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩ፥ ልጅ ያሳደጉ፥ እርሻ ያረሱ፥ ሟቹን የቀበሩ ሰዎች ከቤቱ ታሪክ ይጠፋሉ። ሁለተኛው ሁሉንም ልጅ አድርጎ በመስመር ማገናኘት ነው። ይህኛው የዋህነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰዎቹ ከየት እንደ መጡ፥ ምን እንደ ደረሰባቸው የሚጠይቀውን ጥያቄ ለዘላለም ይዘጋዋል። ዛሬ በወለጋ ከተሞች ሁለቱም ዐይነት ቤተሰብ ልጆች ጎን ለጎን ይኖራሉ፥ ይጋባሉም፤ በጋብቻ ጊዜ «ወገኑ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አሁንም በየቤቱ ይነሣል። ስለዚህ አንድ ወረቀት በጥድፊያ ተነቦ የሚወጣው ሠንጠረዥ ሰውን ሊያስቀር፥ ሰውን ሊያዋርድ የሚችል ነገር ነው፤ ለምሁራን ጨዋታ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። እኔ በበኩሌ በእንዲህ ያለ ስም ላይ የደረሰ ተመራማሪ ከስሙ አጠገብ የኑዛዜውን ቃል ራሱን እንዲጽፍ እንጂ መስመር እንዳያሰምር እመክራለሁ። የቤተሰቡ ሰዎች ፈቃድ ሳይኖር ማተም ግን ፈጽሞ ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ቃል ብቻ። በኦሮሞ ልማድ ሴት ልጅ ወደ ባሏ ጎሣ ስለምትሄድ የአባቷን መሬት አትወርስም ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅን በውርስ እኩል እስኪያደርግ ድረስ በገጠር የሚሠራው ይህ ነበረ። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተጻፈ ኑዛዜ ውስጥ ሴት ልጅ መሬት ስትወርስ ብናይ ቆም ብለን መጠየቅ አለብን፤ ወንድ ልጅ አልነበረምን? እናትየዋ ከርስት አገር የመጣች ናትን? ወይስ ካህኑ በፍትሐ ነገሥት አስተምሮ መክሮ ነው? ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን የመሬት ጽሑፎች ላይ ባደረገው ጥናት ሴቶች ባለ ርስት ሆነው በብዛት እንደሚታዩ አሳይቷል፤ ይህ ለጎንደር እውነት ነው፥ ወደ ነቀምት ግን እንዲሁ ሊወሰድ አይችልም። የጎንደሩ ጽሑፍ ከወለጋው በአቀማመጡም ይለያል። እዚያ ስጦታውና ውርሱ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ተጽፎ በደብሩ ይጠበቃል። የወለጋው ነጠላ ወረቀት ነው፤ የሚጠብቀውም ከኑዛዜው የተጠቀመው ወራሽ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር የጽሑፉን እውነተኛነት ወደ መመርመር ይወስደናል። በእጃችን ያለው ወረቀት የመጀመሪያው ነው ወይስ ግልባጭ? ለዚህ ባላገሩ ራሱ ያዘጋጀልን መመዘኛ አለ፤ ጸሐፊዎች ከዓመተ ምሕረቱ ጋር የወንጌላዊውን ዘመን ይጽፋሉ። የዓመተ ምሕረቱን ቍጥር በ5500 ላይ ደምሮ ለ4 ሲያካፍሉት ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፥ 2 ቢሆን ማርቆስ፥ 3 ቢሆን ሉቃስ፥ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ነው። እንበል፥ ወረቀቱ «1903 ዓመተ ምሕረት፥ ዘመነ ማርቆስ» ቢል፥ 7403 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራልና ዘመኑ ሉቃስ መሆን ነበረበት፤ ማርቆስ የ1902 ነው። ይህ ሐሰተኛ ነው ብሎ ለመጣል አያበቃም። በግእዝ ቍጥር ፪ እና ፫ በእጅ ሲጻፉ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ግልባጭ መሆኑንና ገልባጩ ቍጥሩን እንዳሳሳተ መገመት ይቀላል። የወረቀት ገንዘብ ሳይታወቅ በነበረበት ዓመት ተጽፎ ስለ ወረቀት ብር የሚናገር ኑዛዜ ግን ሌላ ነገር ነው። ሟቹ በኋላ ዘመን ያገኘውን ማዕርግ በቀደመው ቀን ላይ የሚሰጠውም እንዲሁ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወጣ በኋላ ለተጻፉት ሁኔታው ይሻላል። ሕጉ በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል፤ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእጁ እንዲጽፈውና ቀን እንዲያደርግበት ይጠይቃል፥ በ7 ዓመትም ውስጥ ለሚመለከተው መዝገብ ካልተሰጠ ፈራሽ ያደርገዋል። በራስ እጅ የተጻፈው ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በመካከል ጸሐፊ የለምና ሟቹ ዘመዶቹን ራሱ በምን ቃል ይጠራቸው እንደ ነበረ ይነግረናል። በነቀምትና በቦጂ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች ልጆች ቤት እንዲህ ያለውን መፈለግ ይገባል።

ኑዛዜ ብቻውን ካልበቃ ከምን ጋር ይነበብ? ለለቃ ነቀምት መልሱ በከፊል ተገኝቷል። አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታዓ የነቀምትን ገዥዎች ሰነዶች አሰባስበው ለወለጋ ታሪክ ምንጭ እንዲሆኑ በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2004) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመዋል። ሥራው ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያለውን ዘመን ይሸፍናል፤ የአማርኛውን ጽሑፍ ከነቃሉ ማቅረቡም የሚመሰገን ነው፥ ትርጕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከላይ ያነሣናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በተርጓሚው ውሳኔ ውስጥ ተደብቀው በቀሩ ነበርና። ይሁን እንጂ ይህ የገዥ ቤት ሰነድ ነው። ገዥ የሚጽፈው ስለ ግብር፥ ስለ ሹመት፥ ስለ ክርክር ነው፤ ተራ ቤተሰብ የሚገባበት ሲከፍል ወይም ሲከሰስ ነው። ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ የጻፉት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በሽማግሌዎች ቃል ላይ ብዙ መደገፋቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ የማስረጃ እጥረት ያመጣው አይደለም፤ የአባቶች ቈጠራ በቃል የሚጠበቅ የራሱ ሥርዐት ያለው እውቀት ነው። ላምበርት ባርተልስም በ1975 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1983) ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነት ባሳተመው መጽሐፍ የሰዎቹን ቃል እንዳለ ማስፈሩ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ጥሩ አርአያ ነው። ቃልና ወረቀት ሲጣሉ አንዱን ረትቶ ሌላውን መጣል አያስፈልግም፤ ለምን ተጣሉ ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው። ሽማግሌው የሚቈጥረውና ኑዛዜው የማይጠራው ሰው ከላይ ያልነው አንጋፋ ሊሆን ይችላል፤ ኑዛዜው የሚጠራውና ሽማግሌው የማይቈጥረው ደግሞ ነጻ የወጣው ሊሆን ይችላል።

ጊዜው ግን ጠባብ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ በቁቤ፥ ማለት በላቲን ፊደል፥ ስለሚጻፍና ትምህርትም በእርሱ ስለሚሰጥ፥ ከዚያ ወዲህ በወለጋ ካደጉት ወጣቶች ብዙዎቹ የቅድመ አያታቸውን ኑዛዜ ራሳቸው ሊያነቡት አይችሉም፤ ከእጅ ጽሑፉ ክብደት ጋር ፊደሉም ቋንቋውም እንግዳ ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ ሰው ይወስዱታል፥ ያም ሰው አንብቦ በኦሮምኛ ይነግራቸዋል። በአንድ በኩል ነገሩ ወደ ተነሣበት ቋንቋ ተመለሰ ማለት ነው። ነገር ግን ተርጓሚው «አጎታቸው» የሚለው ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ኤሱማ ይበል ወይስ የአባትን ወንድም ቃል ይጠቀም የግድ መምረጥ አለበት። ካህኑ ከመቶ ዓመት በፊት ያልለየውን እርሱ በአንድ ትንፋሽ ይለየዋል፥ ሰሚዎቹም አያቴ እንዲህ ብሎ ነበር ብለው ይይዙታል። ሰሞኑን በኅትመትም ሆነ በቃል ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ባለው ቃል ላይ ሲደርሱ የአማርኛውን ቃል እንዳለ ትተው ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፋችውን ሴት ቢጠይቁ ይሻላል፤ የልጆቹ እናት ከየትኛው ጎሣ እንደ መጣች፥ ወንድሞቿም እነማን እንደ ነበሩ ብዙውን ጊዜ የምታውቀው እርሷ ናትና።